በፎቶ የተሞላ ፓወርፖይንት ጥራቱ ሳይበላሽ እንዴት ይቀላል?

ሃያ ስላይድ ብቻ ያለው ፓወርፖይንት 150 ሜጋባይት ከሆነ ጽሑፉን አትውቀሱት። ክብደቱ የፎቶዎቹ ነው። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አያይዞ አይልክም። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል፣ ግን ላኪውም ተቀባዩም በሞባይል ዳታ ከሆኑ ፓኬጁ እዚያው ያልቃል። ካዛንቺስ ያለ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የአዘጋጁ አሮጌ ላፕቶፕ ፋይሉን ለመክፈት ሲያንገራግር ታዳሚው ቡናውን ጠጥቶ ይጨርሳል።

ስለ ፒያሳ ሕንፃዎች አንድ ዝግጅት አላችሁ እንበል። የጣይቱ ሆቴል በረንዳ፣ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ። ሁሉም በስልክ የተነሱ ናቸው። አንድ የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ ወርዱ 4000 ቁመቱ 3000 ፒክስል ገደማ ነው። ደህና የሚባለው ፕሮጀክተር የሚያሳየው 1920 በ1080 ነው፣ ቆየት ያሉት 1024 በ768። ፎቶውን በስላይዱ ላይ በመዳፊት ጎትታችሁ ብታሳንሱትም ፒክስሉ እንዳለ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ሥራችን ማንም የማያየውን ማራገፍ ነው።

ከሁሉ በፊት ኮፒ አስቀሩ። ፋይል፣ ከዚያ ሴቭ አዝ ብላችሁ በሌላ ስም አስቀምጡ። አንዴ የተጨመቀ ፎቶ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ቀጥሎ ጥፋተኛውን ፈልጉ። ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን በጣም የምወደው እርምጃ ነው። የፒፒቲኤክስ (.pptx) ፋይል፣ ማለትም የተለመደው የፓወርፖይንት ፋይል፣ በውስጡ ዚፕ (.zip)፣ ብዙ ፋይሎች የታሸጉበት ጥቅል ነው። ሌላ ኮፒ አውጡና ከስሙ መጨረሻ ያለውን ፒፒቲኤክስ አጥፍታችሁ ዚፕ ብላችሁ ጻፉበት። ክፈቱት፣ ፒፒቲ የሚለው ፎልደር ውስጥ ግቡ፣ ከዚያ ሚዲያ። ፎቶዎቻችሁ በሙሉ እዚያ ተደርድረዋል። በመጠን ስታሰልፏቸው ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ፎቶዎች የፋይሉን ግማሽ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ወደ ፓወርፖይንቱ ተመለሱና አንዱን ፎቶ ተጫኑ። ከላይ ፒክቸር ፎርማት የሚል ትር ይመጣል። በግራ በኩል ኮምፕረስ ፒክቸርስ የሚለውን ክፈቱ። "ለዚህ ፎቶ ብቻ" የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሱ፣ ካልሆነ የሚቀንሰው አንዱ ብቻ ነው። "የተቆረጠውን ክፍል አጥፋ" የሚለው ላይ ግን ምልክቱ ይኑር። ፓወርፖይንት ውስጥ የቆረጣችሁት የፎቶ ጠርዝ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። ፋይሉን ያገኘ ሰው መልሶ ሊገልጠው ይችላል። የመኪና ታርጋ ወይም የማታውቁት ሰው ፊት ቆርጣችሁ ከሆነ ነገሩ ከክብደትም ያልፋል።

ከዚያ ጥራት ምረጡ። 330፣ 220፣ 150 እና 96 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚገባ የፒክስል ብዛት) የሚሉ አማራጮች ታያላችሁ። በግምት አትምረጡ፣ ሂሳቡ ቀላል ነው። የተለመደው ሰፊ ስላይድ ወርዱ 13.33 ኢንች ነው። በ150 ሲባዛ 2000 ፒክስል ገደማ ይሆናል፣ ይህም ለ1920ው ፕሮጀክተር ይበቃል። በ96 ከሆነ 1280 ነው፤ በኢሜይል ልኮ ለማስነበብ ይሆናል፣ ለትልቅ አዳራሽ ግን አልመክረውም። ስላይዱ ወረቀት ላይ የሚታተም ከሆነ 220 ያዙ። ኦኬ ካላችሁ በኋላ ሴቭ አድርጉ፤ መጠኑ የሚወርደው ያኔ ነው።

ካልወረደ? ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ግቡና "ፎቶ አትጭመቅ" የሚለው ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ እዩ። እዚያው አጠገቡ የኤዲቲንግ ዳታን አስወግድ የሚለውን ምረጡ። ሌላው ተጠርጣሪ ፒኤንጂ የሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ነው። ከሌላ ቦታ ኮፒ ተደርጎ በፔስት የገባ ፎቶ ብዙ ጊዜ ፒኤንጂ ሆኖ ይቀመጣል፣ እሱ ደግሞ ለፎቶግራፍ ከባድ ነው። በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ጄፔግ አድርጋችሁ አስቀምጡትና በኢንሰርት መልሳችሁ አስገቡት። ሎጎን ግን አትንኩ። ጄፔግ ከኋላው ያለውን የሚያሳልፍ ግልጽ ዳራ ስለማይይዝ በዙሪያው ነጭ ሳጥን ይተክልበታል።

ለመቆጠብ ብላችሁ የማትነኩት ነገር ፎንት ነው። የአማርኛ ፎንታችሁ አዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ፊደሉ መልኩን ይቀይራል፣ አንዳንዴም ባዶ ሳጥን ይሆናል። በኦፕሽንስ ውስጥ ሴቭ የሚለው ገጽ ላይ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አያይዙት፣ "ያገለገሉትን ፊደላት ብቻ" የሚለውን ከመረጣችሁ የሚጨምረው ክብደት ትንሽ ነው። አንዳንድ ፎንት በፈቃዱ ምክንያት እንዲያያዝ አይፈቅድም፤ ያኔ ፎንቱን በፍላሽ ለብቻው ያዙ።

ቪዲዮ ካለ ፋይል፣ ኢንፎ፣ ኮምፕረስ ሚዲያ ብላችሁ 720 ምረጡ። ሊብረኦፊስ የምትጠቀሙ ቱልስ ውስጥ ሚኒማይዝ ፕረዘንቴሽን የሚል አለላችሁ። ለንባብ ብቻ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጉትና ተገላገሉ፤ እንቅስቃሴው ይቀራል እንጂ ፋይሉ ይቀላል።

ዚፕ ወይም ራር ማድረግ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ጄፔግ ቀድሞውኑ የተጨመቀ ነው። "ፋይልዎን በነፃ እናሳንሳለን" የሚሉት ድረ ገጾችም ለእኔ አይጥሙኝም። 150 ሜጋባይቱን ለመጫን ያው ዳታችሁ ያልቃል፣ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ከሆነም ለማታውቁት ሰው ሰጣችሁ ማለት ነው።

በመጨረሻ ኤፍ5 ተጭናችሁ ስላይዶቹን በሙሉ ስክሪን እለፉባቸው። ፎቶዎቹን ተዉአቸው፣ ካርታና ውስጡ ጽሑፍ ያለበትን ምስል አተኩራችሁ እዩ፤ ቀድሞ የሚደበዝዘው እሱ ነው። የደበዘዘ ካለ ዋናውን ከመጀመሪያው ኮፒ አምጥታችሁ እሱን ብቻ ተኩት፣ ከዚያ በኋላም ኮምፕረስ ፒክቸርስን ለሁሉም ፎቶ ደግማችሁ አታድርጉ።