ግራውንድ ቀብረናል ብለው የሚዘናጉ ሰዎች ስህተቶች

«ምጣዱ ይነዝረኛል፤ ነጠላ ጫማ ካላደረግሁ አልጋግርም» አሉኝ አንዲት እናት። ግራውንድ፣ ማለትም የዕቃውን ብረት ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦና ዘንግ፣ ግን ተቀብሯል። ዘንጉን ራሳቸው አሳዩኝ።

ዋናው ስህተት መሬት ኤሌክትሪክን ይውጠዋል ብሎ ማሰብ ነው። ከረንት ከትራንስፎርመር ይነሣል፣ ወደዚያው ትራንስፎርመር ይመለሳል። መሬቱ መንገድ ብቻ ነው፣ ያውም ኮረኮንች። ሒሳቡን እንሥራው። የዘንጉ ሬዚስታንስ (ከረንትን የሚገታበት መጠን) 40 ኦም ቢሆን፣ ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) የምጣዱን ብረት ሲነካ 220 ቮልቱ ለ40 ሲካፈል 5.5 አምፔር በመሬት ይመለሳል። ከረንት ሲበዛ የሚቆርጠው ባለ 25 አምፔር ብሬከር ይህን ከቁብ አይቆጥረውም። አይወርድም። ብረቱም ፌዝ እንደያዘ ይቆያል። ስለዚህ ዘንግ ብቻውን በቂ አይደለም፤ አርሲዲ የሚባለው መቁረጫ ያስፈልጋል። አርሲዲ በፌዝ የወጣው ሁሉ በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መመለሱን ይቆጣጠራል። 30 ሚሊ አምፔር ያህል ከጎደለበት በቅጽበት ይቆርጣል።

ሌላው፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝ፣ ሶኬት ውስጥ ኒውትራልን ከግራውንድ ጋር በቁራጭ ሽቦ ማሰር ነው። ሲሞከር ይሠራል፤ ጉዱ የሚመጣው ኒውትራሉ ምሰሶ ላይ የተበጠሰ ለታ ነው። ቤቱ ይጨልማል፣ መብራት የጠፋ ይመስላል። ፌዙ ግን በተከፈተው ዕቃ አልፎ፣ በዚያች ቁራጭ ሽቦ ዞሮ የዕቃውን ብረት ይይዘዋል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ዕቃውን የማይነካ ማን አለ?

ግራውንዱን ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰርም አለ። ድሮ ቧንቧው ብረት ነበር። ዛሬ ግማሹ በፕላስቲክ ተተክቷል፤ መስመሩ እዚያው ይቋረጣል፣ ሻወር ቤት ያለው ብረት ግን ፌዝ ሊይዝ ይችላል።

ጨውና ከሰል ጉድጓድ ውስጥ መጨመር ለጊዜው ይረዳል። ጨው ግን በዝናብ ይታጠባል፣ ብረቱንም ይበላዋል። ዋልካ አፈር ደግሞ በበጋ ይሰነጠቅና ዘንጉን ይለቀዋል። በክረምት ለክቶ «ቆንጆ ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው። የሚለካው በደረቁ ወር ነው።

ወደ እናታችን ቤት ልመለስ። ዘንጉ ደህና ነበር። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦም ከዘንጉ ተነሥቶ ብሬከር ሳጥኑ ድረስ መጥቷል። እዚያ ግን ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከምጣዱ ሶኬት ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም።