ተራራ ላይ ብስክሌት መንዳት እንዴት ይጀመራል?

ብስክሌት መንዳት ከልጅነቴ ጀምሮ እችላለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ጫካ ውስጥ ይዤ ስገባ «ያው ሳይክል አይደል?» ብዬ ነበር። አስር ደቂቃ አልቆየሁም። ቁልቁል እየወረድኩ መንገዱን ያቋረጠ የዛፍ ሥር አየሁ። ደነገጥኩና የፊቱን ፍሬን ጭምቅ አደረግኩት። ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እኔ በመሪው ላይ ተሻግሬ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። አፌን አፈር ሞልቶት ተነሳሁ። ዞር ብዬ ሥሩን ሳየው ውፍረቱ አውራ ጣቴን ቢያክል ነው። ፍሬኑን ባልነካው ጎማው እንዲሁ ይሻገረው ነበር።

አስፋልት ላይ ተቀምጠን እንነዳለን። ተራራ ላይ ሳይክሉ ከሥራችን ይዘላል፣ ይንገጫገጫል፣ ይንሸራተታል። የእኛ ሥራ ከላይ ሆነን እንዲንቀሳቀስ መፍቀድ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ግትር ብሎ ሲይዘው ነው።

ሳይክሉን መምረጥ

ሱቅ ስትገቡ ዓይናችሁ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው ላይ ማረፉ አይቀርም። ያምራል። በርካሽ የሚሸጠው ግን ክብደቱ ነው የሚተርፋችሁ፤ የኋላው ሞላ ገንዘቡን በልቶት ፍሬኑና ማርሹ የማይረባ ይሆናል። ለመጀመሪያ ሳይክል ከፊት ብቻ ሞላ ያለው ይበቃል። ሞላው ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ቢሆን ጥሩ ነው። ጎማው 29 ኢንች ከሆነ ድንጋይና ጉድጓድ ላይ በቀላሉ ያልፋል፣ 27.5 ከሆነ ጠባብ ኩርባ ላይ ይታዘዛል። በዚህ ጉዳይ የሚከራከር ሰው አይጠፋም፣ እናንተ አትግቡበት። ከጎማው ይልቅ ሳይክሉ ለቁመታችሁ መሆኑ ይበልጣል። መሃሉ ላይ እግራችሁን አንፈራጣችሁ ስትቆሙ ከላይኛው ብረት በላይ የጥቂት ጣት ክፍተት ሊኖር ይገባል።

ፍሬን ላይ ግን አትደራደሩ። ዲስክ ይሁን፣ ከተቻለ ደግሞ በዘይት ግፊት የሚሠራው። ይህ ስፖርት መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ ወጣቶች አሮጌና ከባድ ሳይክሎች ይዘው ከተራራ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። የሳይክሎቹ ፍሬን ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው ዓይነት ነው። አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ሲወርዱ በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ያለው ግሪስ ተቃጥሎ ጭስ ሆኖ ያልቃል። ለሚቀጥለው ዙር ፈትቶ አዲስ ግሪስ መሙላት ግድ ነው። በ1976 የጀመሩትን ውድድር «ሪፓክ» ያሉት ለዚህ ነው፣ «እንደገና መሙላት» እንደማለት። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1996 አትላንታ ላይ፣ ስፖርቱ ኦሎምፒክ ገባ። ሰዎቹን አሮጌው ሳይክል አላገዳቸውም። ያስቸገራቸው ፍሬኑ ነበር።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅነቅ አድርጉት። አንገቱ አካባቢ «ቀጭ ቀጭ» ካለ ላልቷል፣ ወይም ኩሽኔታው አልቋል። ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ አሽከርክሩትና ከጎን ተመልከቱ፤ የሚወላገድ ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል። ከዚያ ብረቶቹ የተበየዱበትን ቦታ ሁሉ በጥፍራችሁ ዳሱ። ስንጥቅ ካገኛችሁ በነጻ ቢሰጧችሁም ተዉት።

ሄልሜት ያለ ክርክር ይደረጋል። ግንባር ላይ ዝቅ ብሎ፣ ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። አንዴ በደንብ ከተመታ ውጪው ደህና ቢመስልም ይቀየር፤ ውስጡ ያለው ፎም የምቱን ኃይል የሚውጠው ተጨፍልቆ ነው፣ ተመልሶ አይነፋም። ጣት የሚሸፍን ጓንትና ሶሉ ጠፍጣፋ የሆነ ጫማ ጨምሩ። ጫማን የሚቆልፍ ፔዳል ለጊዜው ይቆይ።

ንፋሱ

ብዙ ሰው ጎማውን ድንጋይ እስኪሆን ይነፋል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጣሪያው ነው፣ እስከዚያ ሙሉ ማለት አይደለም። ለተራራ ጎማ ብዙ ጊዜ ከ22 እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃል። መካከለኛ ክብደት ካላችሁ ከፊት 25፣ ከኋላ 28 ሞልታችሁ ጀምሩና እየነዳችሁ አስተካክሉ። አውራ ጣታችሁን ጫን ስታደርጉ ጎማው ትንሽ ሊሰረጎድ ይገባል። ያኔ መሬቱን ይይዛል፣ ትናንሽ ድንጋይም ይውጣል። በጣም ካጎደላችሁት ግን ድንጋይ ስትመቱ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መሃል ተቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይበሳል፣ ልክ እባብ እንደነደፈው።

ሜዳ ላይ ልምምድ

ጫካ ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ባዶ ሜዳ ላይ አሳልፉ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ኮርቻውን ዝቅ አድርጉ። ፔዳሎቹን አግድም፣ እኩል ከፍታ ላይ አቁሙና ብድግ በሉ። ተረከዝ ወደ ታች፣ ጉልበት እጥፍ፣ ክርን ወደ ውጭ፣ ደረት ዝቅ። ፍጹም ቅጣት ምት የሚጠብቅ በረኛ አቋቋም አስቡ። በእያንዳንዱ ፍሬን ላይ ሌባ ጣት ብቻ ትረፍ፣ የቀሩት ጣቶች መሪውን ይያዙ። አሁን ሳይክሉን ግራና ቀኝ ጋደም እያደረጋችሁ ንዱ። እሱ ይጋደም፣ እናንተ ቀጥ በሉ።

ቀጥሎ ፍሬን። ሳይክሉን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ነው፣ ምክንያቱም ስንቆም ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። ፈርተው የኋላውን ብቻ የሚይዙ ሰዎች ተንሸራተው ይሄዳሉ እንጂ አይቆሙም። መሬት ላይ አንድ ድንጋይ አስቀምጡ። በመጠኑ ፈጥናችሁ መጥታችሁ እሱ ጋ ለመቆም ሞክሩ። ሁለቱንም ፍሬን አንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ እያጠበቃችሁ ያዙ፤ በዚያው ቅጽበት ተረከዛችሁን ወደ ታች ግፉ፣ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ሳቡ። በሚቀጥለው ዙር ፍሬን መያዝ የምትጀምሩበትን ቦታ ወደ ድንጋዩ አንድ እርምጃ አቅርቡ። ከሃያ ሠላሳ ሙከራ በኋላ ጣታችሁ ራሱ ልኩን ያውቀዋል። እኔ ይህን የተማርኩት ከቁጥቋጦው በኋላ ነው።

መንገድ ላይ

በብዙ ለሳይክል በተዘጋጁ የተራራ መንገዶች ላይ የቀለም ምልክት አለ። አረንጓዴ ቀላሉ፣ ሰማያዊ መካከለኛው፣ ጥቁር ከባዱ ነው። ከአረንጓዴው ጀምሩ። ያስፈራችሁን ቦታ ወርዳችሁ እየገፋችሁ እለፉ፣ የሚያፍርበት ሰው የለም።

ዓይናችሁ የሄደበት ሳይክሉ ይሄዳል። ድንጋዩን ትኩር ብላችሁ ካያችሁት ትመቱታላችሁ፣ ከጎኑ ያለውን ማለፊያ ተመልከቱ። ከጎማው ፊት ያለውን ሳይሆን ጥቂት ሜትር ራቅ ያለውን እዩ። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባ ከመግባታችሁ በፊት ነው፤ መሃል ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ከያዛችሁ ጎማው ይከዳችኋል። የዛፍ ሥር፣ በተለይ እርጥብ ከሆነ፣ በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩት። ላዩ ላይ ሆናችሁ ፍሬን መያዝም መታጠፍም የለም።

ዳገት ሲመጣ ማርሽ ቀድማችሁ ቀይሩ። በሙሉ ጉልበት እየረገጡ መቀየር ሰንሰለቱን ያጮኸዋል፣ ሲብስም ይበጥሰዋል። ወደ ኮርቻው ጫፍ ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ደረታችሁን ዝቅ አድርጉ። ብድግ ካላችሁ ከኋላ ክብደት ስለሚጠፋ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል።

ምልክቱ ሌላ ካላለ በቀር ቁልቁል የሚወርድ ለሚወጣ ይለቃል፣ ሁላችንም ለእግረኛ እንለቃለን። ቦርሳ ውስጥ ትርፍ ካላማዳሪ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ መንፊያ፣ ተጣጣፊ የቁልፍ ስብስብና ውሃ ይኑር። ጎማ መቀየሩን ደግሞ ቤት ውስጥ፣ ሳትቸኩሉ አንዴ ሞክሩት።

ስትመለሱ

ጭቃውን በባልዲና በብሩሽ እጠቡ። መኪና ማጠቢያ ማሽን ውሃውን በኃይል ኩሽኔታ ውስጥ ያስገባል። ሰንሰለቱ ሲደርቅ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ፣ ጥቂት አሽከርክሩትና የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ። የሚረጭ ዘይት ከሆነ ዲስኩን በካርቶን ጋርዱት። እኔ አንድ ቀን ሳልጋርድ ረጨሁ። በማግስቱ ሳይክሉ በያንዳንዱ ፍሬን እንደ ፍየል ይጮህ ነበር፣ መቆሙን ግን አይቆምም። ዲስኩን በአልኮል ጠርጌ አዳንኩት። ዘይት የጠጣው የፍሬን ሸራ ግን አልዳነም፣ አውጥቼ ጣልኩት።