ቤት ስትሸጡ ዋጋ የሚያስጥሉ ነገሮችን ከገዢው ቀድማችሁ እንዴት ታገኛላችሁ

የቤተሰባችንን ቤት ልንሸጥ ስንነሳ መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ቀለም መግዛት ነበር። አዲስ አበባ ቀበና አካባቢ ያለ የድሮ ቤት ነው፣ ሳሎኑን ክሬም ቀባነው፣ የላሜራውን በር ቡኒ፣ ታናሽ እህቴ መጋረጃ ሁሉ ቀየረች፣ እና የመጀመሪያው ገዢ መጣ። ሰውዬው ቀለሙን ቀና ብሎም አላየው። ኩሽና ገብቶ ቧንቧ ከፈተ፣ ወጥቶ የግቢውን በር ስፋት በእርምጃ ለካ፣ ከዛ "ካርታው በማን ስም ነው?" አለ። በአባዬ ስም ነበር፣ አባዬ ደግሞ ከሞተ 11 ዓመት አልፎታል። ሰውዬው ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ከዛ በኋላ ሰባት ወር ፈጀብን። በሰባት ወር ውስጥ ያየሁት ምንድነው፣ ገዢ ለአስቀያሚ ነገር ብዙም አይቀንስም፣ አስቀያሚውን አፍርሶ እንደሚሰራው ያውቃል፣ የጠረጠረውን ነገር ግን ራሱ በገመተው ዋጋ ነው የሚቀንሰው፣ እሱ የሚገምተው ደግሞ ሁሌም ከእውነተኛው ወጪ ይበልጣል። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሂዱበት፣ ቀለም መጨረሻ ነው።

አንደኛ፦ ካርታውን ከሳጥን አውጡና እንደ ገዢ አንብቡት

እውነቴን ነው፣ ብዙ ሰው ሃያ ዓመት የኖረበትን ቤት ካርታ ቁጭ ብሎ አንብቦት አያውቅም። ስሙ የማን ነው፣ ካሬው ስንት ነው፣ ይዞታው ነባር (ከሊዝ በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግስት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን የተያዘ)፣ አገልግሎቱ መኖሪያ ነው ወይስ ቅይጥ (መኖሪያም ንግድም)፣ ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ቀሪ አለ ወይ። መሬቱ የመንግስት ስለሆነ እኛ የምንሸጠው ቤቱንና በቦታው ላይ ያለንን የመጠቀም መብት ነው፣ መብቱ ደግሞ የሚታየው ወረቀቱ ላይ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለች እያንዳንዷ ክፍተት ቀጥታ ዋጋ ትበላለች።

ስሙ የሟች ከሆነ ገዢ ከመጥራታችሁ በፊት ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡና ስሙን አዙሩ። እኛ "ግማሹ የእማዬ ነው፣ ልጆቹም ተስማምተናል፣ ምን ችግር አለው" ብለን ተዝናንተን ነበር። ጀርመን ያለው ወንድማችን የላከውን ውክልና ስናየው "ለማስተዳደር" ይላል እንጂ "ለመሸጥ" የሚል ቃል የለውም፣ ያ ቃል በግልጽ ካልተጻፈ ደግሞ ማንም አይፈርምላችሁም፣ በቃ ልጁ እንደገና ቀጠሮ ይዞ ኤምባሲ ሄደ። ወር አለፈ። በዛ ወር አንድ ጥሩ ገዢ አመለጠን።

ባለትዳር ከሆናችሁ ደግሞ ካርታው በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢሆንም የጋራ ንብረት ያለ ሁለታችሁ ስምምነት አይሸጥም፣ የቤተሰብ ህጉ አዋጅ 213/1992 እንደዛ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ባልና ሚስት ሳትነጋገሩ ደላላ አትጥሩ፣ በኋላ ውልና ማስረጃ በር ላይ መጨቃጨቅ ነው። ባንክ ተይዞ ከሆነም ቀሪው ዕዳ ስንት እንደሆነ ከባንኩ በደብዳቤ ያዙ፣ "ትንሽ ነው የቀረው" የሚል መልስ ገዢን ያስደነግጣል።

ቀጥሎ ካርታው ላይ ያለውን መሬት ላይ ካለው ጋር አነጻጽሩ። አባዬ ጀርባ ላይ ለኪራይ ብሎ የሰራቸው ሁለት ክፍሎች ነበሩ፣ ፕላን ውስጥ የሉም። እኛ ዋጋ ስንጠራ እነሱንም ቆጥረን ነው፣ ገዢዎቹ ግን "ነገ ፍረስ ቢባልስ?" እያሉ እንደ ዜሮ ቆጠሯቸው፣ እንዲያውም አንዱ የማፍረሻ ብሎ ቀነሰበት። አጥራችሁ ከካርታው ገፋ ብሎ ከሆነም ያው ነው፣ ትርፏን ካሬ ገዢው በነጻ ይወስዳታል እንጂ አይከፍልባትም።

መሀል ከተማ ላይ ደግሞ አዲሶቹ ሰፈሮች የማያውቁት ጣጣ አለ። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ዋናው ቤት ለባለቤቱ ቀርቶ ሰርቪሱ የቀበሌ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። በድሮ ሰፈሮች ዛሬም በአንድ በር እየገቡ አንድ ሽንት ቤት የሚጋሩ የግልና የቀበሌ ቤቶች ታያላችሁ። ይሄ ዋጋ በጣም ይጥላል፣ ገዢው ቤት ሲገዛ ጎረቤትም አብሮ እየገዛ ነው። ልትደብቁት አትችሉም። የሚረዳው ወሰኑ የት ጋር እንደሆነ በሚታይ ነገር መለየት፣ ከጎረቤቶቹና ከወረዳው ጋር ተስማምቶ መግቢያ መለያየት ከተቻለ ደግሞ ከምንም እድሳት በላይ እሱ ላይ ገንዘብ ማውጣት ነው።

ሁለተኛ፦ ቦታው ልማት ይነካው እንደሆነ ጠይቃችሁ በወረቀት ያዙ

በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ሲጀምር፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ሲነሳ ካየ በኋላ መሀል ከተማ ቤት የሚገዛ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው "እዚህ አይነካም?" ነው። ደላላው "ኧረ አይነካም፣ ይሄማ አለፈ" ይላል፣ ደላላ ምን ያውቃል። የካርታውን ኮፒ ይዛችሁ ክፍለ ከተማ ሂዱና የቦታውን የፕላን መረጃ ጠይቁ፣ መንገድ ያልፍበታል ወይ፣ ምን ያህል ፎቅ ይፈቀዳል፣ ወደ ኋላ ስንት ሜትር መተው አለበት። የቀበና ወይ የግንፍሌ ወንዝ አጠገብ ከሆናችሁ ከወንዙ ስንት ሜትር ክፍት መተው እንዳለበትም ጠይቁ። መልሱ ጥሩ ካልሆነ ቢያንስ ዋጋችሁን ከዛ ተነስታችሁ ትጠራላችሁ፣ ገዢው ራሱ ሄዶ ሲያገኘው ግን ሌላ የተናገራችሁት ነገር ሁሉ አይታመንም።

ሦስተኛ፦ ከአስፋልቱ ጀምሮ በእግራችሁ ግቡ

የማይቀየር ነገር አለ። ከአስፋልት የሚገባው ርቀት፣ የቅያሱ ጥበት፣ ባቡሩ የሚያልፍበት ድምጽ፣ ፊት ለፊት ያለው ግሮሰሪ ሌሊት የሚከፍተው ሙዚቃ። እነዚህን ተዉአቸው፣ ዋጋው ውስጥ ናቸው። የሚቀየረውን ፈልጉ። የኛ በር ስፋት የድሮ ነው፣ ለቮልስ የተሰራ፣ አሁን ሰው የሚነዳው መኪና አይገባም። አንዱ ገዢ ሜትር አውጥቶ ለክቶ "መኪናዬ ውጪ ሊያድር ነው?" አለ። አንዱን የበር ምሰሶ አፍርሰን በር አሰፋን፣ ወጪው ከቀለሙ ብዙም አይበልጥም ነበር፣ ከዛ በኋላ ያንን ጥያቄ የጠየቀ የለም። በር ላይ የተከመረ ቆሻሻ፣ የተከፈተ ቱቦ፣ የተንጠለጠለ ሽቦም ካለ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል።

አራተኛ፦ ውሃ ከላይም ከታችም የት እንደሚገባ እወቁ

እዚህ ጋር ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም ከወረቀት ቀጥሎ ገዢን የሚያባርረው እርጥበት ነው።

ልጅ እያለን ከግቢያችን ወደ መንገድ ስንወጣ ሁለት ደረጃ እንወርድ ነበር። ከዛ መንገዱ ላይ ኮረት ፈሰሰ፣ በኋላ ሌላ አፈር ተጨመረ፣ ከዛ ኮብልስቶን ተነጠፈ፣ አሁን ከመንገድ ወደ ግቢ አንድ ደረጃ ይወረዳል። ቤቱ አልሰመጠም፣ መንገዱ ነው ያደገው። መሀል ከተማ ላይ ስንት ቤት እንደዚህ ሆኗል መሰላችሁ፣ ክረምት ሲገባ የመንገዱ ውሃ ቀጥታ ግቢ ነው የሚገባው፣ ግድግዳው ከስር ይጠጣል፣ ከወለል እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ያብጥና ይፈረፈራል።

እኛ ምን አደረግን፣ ቀባንበት። በሁለት ሳምንት አበጠ። ገዢ ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ የአንድ ግድግዳ የታችኛው ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም ሲሆን ጎንበስ ብሎ በጣቱ ይጫነዋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በበሩ ስር ግሪል የተገጠመለት ቦይ ተሰርቶ ውሃው ወደ መንገዱ ቱቦ እንዲሄድ ይደረጋል፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈው አፈር ይወርዳል፣ አሸንዳው ይጠገናል፣ ከዛ የተበላሸው ልስን ተልጦ ግድግዳው ሳምንታት እንዲደርቅ ይተዋል፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ይመቻል፣ ከዛ ነው ልስንና ቀለም። ኮርኒስ ላይ ያለ ቡኒ ክብ ምልክትም እንደዛው፣ መጀመሪያ ከላይ ያለውን ቆርቆሮ ወጥታችሁ እዩ፣ ብዙ ጊዜ አንድ የላላ ሚስማር ነው።

ቤታችሁ ጭቃ ከሆነ ግን ቆም በሉ። ጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ ልስን መሸፈን ያምራል ግን እርጥበቱን ውስጥ ይዞ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፣ ደግሞም ጥሩ ቦታ ላይ ያለ የጭቃ ቤት የሚገዛ ሰው አፍርሶ ሊሰራ ነው የሚገዛው። እሱ የሚያየው የቦታውን ቅርጽ፣ የፊት ለፊቱን ስፋትና ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ ነው። እዛ ላይ ለእድሳት የምታወጡት ብር በሙሉ ኪሳራ ነው፣ አታድሱ፣ ጠርጋችሁ ሽጡ።

አምስተኛ፦ ውሃ፣ መብራት፣ ፍሳሽ

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የሌለው ቤት ገዢው አእምሮ ውስጥ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል፣ ያለው ሰው ደግሞ ፓምፑ እንደሚሰራ አስነስቶ ያሳይ። ቆጣሪው የራሳችሁ ነው ወይስ ከጎረቤት የተቀጠለ? የተቀጠለ ከሆነ የራሳችሁን አስገቡ። የመጸዳጃው ፍሳሽ ዋናው መስመር ላይ ገብቷል ወይስ ሴፕቲክ ታንክ ነው፣ ታንኩ የት ጋር ነው፣ መቼ ተመጠጠ፣ ይሄን ሲጠይቋችሁ "እንጃ" አትበሉ።

ስድስተኛ፦ በፍቅር የሰራችኋቸውን ነገሮች በሌላ ሰው ዓይን እዩ

እህቴ ትቀየመኛለች ግን ልናገር፣ መኝታ ቤቱ ጂፕሰም ላይ ያለው ሮዝና ወይንጠጅ መብራት ለሷ ነው የሚያምረው። ትልቁን ሳሎን በችፑድ ከፍሎ ሦስት ክፍል ማድረግ ለኪራይ ጥሩ ነው፣ ለሽያጭ ግን ቤቱን ጨለማ ያደርገዋል፣ ክፍፍሉን አንሱት። መስኮት ዘግታችሁ ሱቅ ካደረጋችሁም እንደዛው። የውሻ፣ የከሰል፣ የሲጋራ ሽታ ኗሪው አይሰማውም፣ አፏ የማይቆጠብ አንድ አክስት ጥሩና ጠይቋት።

ተከራይ ካለ ደግሞ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ በውል የሚወጣበትን ቀን ጻፉ። ተከራዩ ፊቱን አጥቁሮ በር ሲከፍት ገዢው "ይሄን ሰው ነገ እኔ ነኝ የማስወጣው" ብሎ ያስባል፣ ያንንም ይቀንሳል።

ኮንዶሚኒየም ለምትሸጡ፣ ልደታም ሆነ ሌላ፣ ከላይ ያለው አብዛኛው አይመለከታችሁም። መጀመሪያ የአምስት ዓመቱ የሽያጭ ገደብ መሙላቱን አረጋግጡ፣ ከዛ በፊት በደላላ ብልሃት የሚደረግ ሽያጭ ዋጋውን በጣም ያወርደዋል፣ ለሁለታችሁም ራስ ምታት ነው። የባንኩ ዕዳ፣ ሊፍት በሌለው ብሎክ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ውሃው እዛ ፎቅ ድረስ ይወጣ እንደሆነ፣ የደረጃው ንጽህና፣ ዋጋውን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው።

ሰባተኛ፦ ዋጋውን አንድ ጊዜ፣ በአንድ አፍ ጥሩ

እኛ ለአምስት ደላላ አምስት ዋጋ ሰጠን፣ ወንድሜ ሌላ፣ እኔ ሌላ፣ እማዬ ደግሞ ቡና ላይ የመጣላትን። ገዢዎች ይነጋገራሉ፣ አንዱ ደላላ ጋ የሰማውን ሌላው ጋ ያጣራል፣ ከዛ ዝቅተኛው ዋጋ መነሻ ሆነ። አተርፋለሁ ብላችሁ በጣም ከፍ አድርጋችሁ ስትጠሩም ቤቱ ወራት ይቆያል፣ የቆየ ቤት ደግሞ "ምን ነክቶት ነው?" ይባላል። ሰፈራችሁ ውስጥ በቅርብ የተሸጠውን በካሬ ስንት እንደሄደ ጠይቁ፣ የተጠራውን ሳይሆን የተከፈለውን፣ የደላላውን በልማድ 2 በመቶም ቆጥራችሁ ግቡ። ውል ላይ ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ እንጻፍ ለሚላችሁ ሰው እንቢ በሉ፣ ውሉ ከፈረሰ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ያ ያነሰው ቁጥር ብቻ ነው።

በመጨረሻ የገዛን ሰውዬ ሲመጣ ገና በር ላይ ጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች ፕላን ውስጥ የሉም፣ ዋጋው ውስጥም አልቆጠርናቸውም አልነው። ትንሽ ዝም ብሎ "ሌላስ?" አለ። የክረምቱን ውሃና የሰራነውን ቦይ አሳየነው። ድርድሩ አንድ ከሰዓት በኋላ አልፈጀም።

ቁልፍ በምታስረክቡበት ቀን የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ ገዢው ባለበት ፎቶ አንሱ። እኛ ረስተነው የማንጠቀምበትን የሁለት ወር ውሃ ከፍለናል።