ከአራት ኪሎ ሆኖ ስለ ዋሽንግተን እርሻ ንግግር ማዘጋጀት

ተማሪዎቼ ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ተናገሩ ሲባሉ የአሜሪካን የነጻነት ጦርነት ይዘው ይመጣሉ። ጦርነቱን ተዉት፤ ሰምተነዋል። በቨርጂኒያ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ የማውንት ቨርነን እርሻ ባለ ርስት የነበረውን ዋሽንግተንን ፈልጉ። (ከመጨረሻው አንቀጽ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የአውሮፓውያን ነው።)

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ግቡና «ፋውንደርስ ኦንላይን» የተባለውን የአሜሪካ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ክፈቱ፤ ክፍያ የለውም። ሌሎች የጻፉለትን ታሪክ ከማንበባችሁ በፊት ሁለት ሰነዶች አውጡ፦ በሐምሌ 1799 የጻፈውን ኑዛዜና በዚያው ዓመት ያዘጋጀውን የባሪያዎቹን ስም ዝርዝር። እኔ ሰዎች ከሣሉለት ሥዕል ይልቅ ኑዛዜውን አምናለሁ።

ቀጥሎ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው የራሱን 123 ሰዎች፣ በሁለተኛው በሚስቱ በማርታ በኩል የመጡትን 153፣ በሦስተኛው የተከራያቸውን 41 አስፍሩ፤ ድምሩ 317 ነው። የማርታዎቹ የመጀመሪያ ባሏ የከስቲስ ርስት ስለነበሩ እርሷ ስትሞት ወደ ከስቲስ ወራሾች ይተላለፋሉ እንጂ ዋሽንግተን ነጻ ሊያወጣቸው አይችልም። ይህን ሳያስረዳ «ባሪያዎቹን ነጻ አወጣ» የሚል ተናጋሪ ያናድደኛል። ባልና ሚስት በሁለት ዓምድ ተለያይተው የተጻፉበት ቤተሰብ ብዙ ነበር።

ንግግሩን ስትጀምሩ ሰሌዳው ላይ ወንዙን ሳሉ። ርስቱ በመጨረሻ 8,000 ኤከር ገደማ ደርሶ ነበር፤ 80 ጋሻ በሉት፣ አዛውንቶቹ ወዲያው ይገባቸዋል። በፊት ትምባሆ እያመረተ ወደ ለንደን ይልክ ነበር። ትምባሆው መሬቱን አደከመ፣ ዕዳው በዛ፤ በ1760ዎቹ ወደ ስንዴ ዞረ፤ ኋላም ወፍጮ ሠራ። በጸደይ ከወንዙ ሻድና ሄሪንግ የሚባሉ ዓሣዎች በመረብ ይወጡ ነበር። በጨው ታሽተው ከፊሉ ለሠራተኞቹ ቀለብ ይሆናል፣ የቀረው ይሸጣል። መረቡን የሚጎትተው ማን እንደሆነ ለአድማጭ ንገሩት።

ከዚያ ሁለት ሰው ብቻ ምረጡ። የግል አሽከሩ ዊልያም ሊ በኑዛዜው ወዲያው ነጻ የወጣ ብቸኛው ሰው ነው፤ በዓመት 30 ዶላር ተቆርጦለታል። ኦና ጀጅ ግን ከሁለተኛው ዓምድ ናት። ኑዛዜውን ብትጠብቅ ምንም አታገኝም ነበር፤ በ1796 ያኔ ዋና ከተማ ከነበረችው ከፊላደልፊያ አመለጠች፣ ዋሽንግተን ሰው ልኮ ቢፈልጋትም አልተያዘችም።

«ዘመኑ ነው፣ ምን ያድርግ?» የሚል አይጠፋም። በዚያው በቨርጂኒያ ሌላው ባለ ርስት ሮበርት ካርተር ሣልሳዊ በ1791 ከ450 በላይ ሰዎችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ሰነድ መፈረሙን ንገሩት።

«እኛስ?» የሚልም ይነሣል። ባርነትን የሻረው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዋጅ በ1934 ዓ.ም. መውጣቱን ሳትሸሹ መልሱና ወደ ፖቶማክ ተመለሱ፤ የተሰጣችሁ 15 ደቂቃ ነው።