ዊንዶውስ 11 አልጫን ላለው የቢሮ ኮምፒውተር

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። የቢሯችን ኮምፒውተሮች ግን 11ን አንቀበልም አሉ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የመነሻ ማስተካከያ) ገብቼ ቲፒኤም የሚባለውን፣ የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቀውን የደህንነት ቺፕ ፈለግሁ። ያለው 1.2፣ የሚፈለገው 2.0። ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብሮች መዝገብ) ነካክቶ 11 ሲጫን የሚያደርገውን ፍተሻ መዝለልም ይቻላል። አንዱ ላይ ሞከርኩት፣ ተጫነ። ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለ ማሽን የአፕዴት ዋስትና አይሰጥም። የሂሳብ ክፍልን በዚህ ላይ ማስቀመጥ አልተዋጠልኝም።

ስለዚህ ሠራተኛው የሚሠራበትን ዊንዶውስ ራሱን ሰርቨሩ ላይ ላስኬደው አልኩ። ሃይፐር-ቪ በሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) ከፍቼ 11ን ስጭን ያው መልእክት መጣ፦ ይህ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን ማስኬድ አይችልም። ሰርቨሩ እኮ አዲስ ነው!

መፍትሔው ማሽኑ ሲፈጠር ነው ያለው። «ጄነሬሽን 2» ምረጡ፤ በኋላ መቀየር አይቻልም። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ሴኩሪቲ ውስጥ «ኢኔብል ትረስትድ ፕላትፎርም ሞጁል» (ቲፒኤም ማለት ይኸው ነው) ላይ ምልክት አድርጉ። ፕሮሰሰር 2፣ ራም 4 ጊጋ፣ ዲስክ 64 ጊጋ ስጡት። በቃ፣ ሳያንገራግር ተጫነ።

አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስንና ሬሚናን (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስገባ ፕሮግራም) ጫንኩ። ሠራተኛው በዚያ በኩል ወደየራሱ 11 ይገባል። አንዱ ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ጊዜ የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። የላይሰንሱንም ነገር አስቀድማችሁ አጣሩ። ማሽኑን ወደ ሌላ ሰርቨር የምታዛውሩ ከሆነ ደግሞ የቲፒኤሙን ሰርተፍኬቶች አብራችሁ ውሰዱ፤ አለዚያ አይነሳም።