ባልሽ ዲፕሎይ ላይ እያለ አሜሪካ ስትገቢ፦ እስኪመጣ እንዴት ትኖሪያለሽ፣ ሲመጣስ እንዴት ትላመዳላችሁ

ተጋብተን ዓመት ከምናምን ሲሆነን አንድ ማታ ቁጭ ብዬ አብረን ያደርንበትን ቀን ቆጠርኩት፣ 41 ቀን ነው። ለሰርጉ የመጣባት ሦስት ሳምንት፣ ከዛ ፈቃድ ወስዶ የመጣባት፣ በቃ። ቪዛዬ ወጥቶ ቴክሳስ ስገባ ደግሞ ባሌ የአሜሪካ ወታደር ነውና ለግዳጅ (ዲፕሎይ የሚሉት እሱን ነው) ኩዌት ሄዷል። የሚገርመው ኩዌትና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፣ እዛ እያለሁ እኩል ነበር የሚመሽልን፣ ልጠጋው ብዬ እሱ ቤት ስገባ በብርዱ ወራት 9 ሰዓት በሙቀቱ 8 ሰዓት ተለያየን።

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ላለች ነው። ሚስት ወታደር ሆና ባል የሚጠብቅም ሞልቷል፣ አንቺ እያልኩ የምሄደው ለኔ እንዲቀለኝ ነው። የማወራው ስለ አሜሪካ አርሚ ነው፣ የሌሎቹም ብዙው ተመሳሳይ ነው።

አንደኛ፦ ገና አዲስ አበባ እያለሽ

የጋብቻና የልደት ሰርተፍኬትሽን ከወሳኝ ኩነት አውጥተሽ፣ አረጋግጠሽ፣ እንግሊዝኛውንም ጨምረሽ ኦርጅናሉን በእጅ ሻንጣሽ ያዢ፣ ጭነት ውስጥ እንዳትከቺው። ከሱ በላይ የስምሽን ስፔሊንግ እዪ። ፓስፖርትሽ ላይ ያለው ፊደልና ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው በአንዲት ፊደል ከተለያየ እዛ እያለሽ አስተካክዪው፣ እዚህ ሆነሽ ከወረዳ ወረቀት ማስለወጥ ማለት እህትሽን ሥራ አስፈትቶ ማንከራተት ነው። የባልሽ ስም ለምን ካንቺ ጋር እንደማይመሳሰልም ይጠይቁሻል፣ የኛ አገር ሰው ሁለተኛ ስሙ የአባቱ ነው ብለሽ ማስረዳት የሕይወትሽ አንዱ ሥራ ይሆናል፣ ልመጂው።

ኤምባሲው የታሸገ ፖስታ ከሰጠሽ እንዳትከፍችው። የዩኤስሲአይኤስን (የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን) ክፍያ ከመብረርሽ በፊት ኦንላይን ጨርሺ፣ ግሪን ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ ድረስ ፓስፖርትሽ ላይ ያለው ቪዛ ኤርፖርት ማህተም ሲመታበት ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግልሻል። ምግብ ይዘሻል ወይ ሲሉሽ አዎ በይ፣ በርበሬና ሽሮ ብለሽ ተናገሪ። ቋንጣ ግን ተይው፣ ሥጋ ነው፣ ይጥሉብሻል፣ የእናትሽን ድካም ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ ማየት በመጀመሪያው ቀን አይሆንም።

ሁለተኛ፦ ውክልና፣ ውክልና፣ ውክልና

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ከያዝሽ ይሄን ያዢ። አርሚ ውስጥ ማንኛውም ነገር የሚከፈተው በሱ ፊርማ ነው፣ እሱ ስፖንሰር ነው አንቺ ዲፔንደንት ነሽ (በአማርኛ ጥገኛ ማለት ስለሆነ መጀመሪያ ስሰማው ከፍቶኝ ነበር፣ ስም ብቻ ነው ተይው)። የቤተሰብ አይዲ ለማውጣት ዲርስ የሚባለው መዝገብ ውስጥ መግባት አለብሽ፣ ለሱ ደግሞ ወይ እሱ አብሮሽ ይቆማል ወይ ዲዲ 1172-2 የሚባለውን ፎርም ፈርሞ ይልካል ወይ ውክልና ይሰጥሻል።

እኛ ሦስቱንም ረስተናል። በታክሲ ቢሮው ድረስ ሄጄ ተራ ጠብቄ ደረሰኝ፣ ስፖንሰርሽ የት ነው አለችኝ፣ ኩዌት አልኳት፣ የፈረመው ወረቀትስ ስትለኝ ዝም አልኩ። ወረቀቱ እስኪደርስ ሳምንታት ሄዱ፣ በዛ መሃል ቶንሲሌ አብጦ ኢንሹራንስ ሳይኖረኝ በዝንጅብልና በማር ነው የወጣሁት። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት፣ ሄዶ ከሆነም እዛው ካለበት ቤዝ (የጦር ሰፈር) ሊጋል አሲስታንስ የሚባለው የሕግ እርዳታ ቢሮ ገብቶ ውክልናውን ያውጣልሽ፣ በነጻ ነው። ለምን ለምን እንደሚያገለግል በስም ይጻፍበት፦ ለዲርስ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለመኪና፣ ለባንክ። ባንኮች አንዳንዴ የራሳቸውን ፎርም ካልሆነ አንቀበልም ስለሚሉ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሶሻል ሴኩሪቲ የቪዛ ፎርሙ ላይ አዎ ብለሽ ከሆነ በፖስታ ይመጣል፣ ካልሆነ ራስሽ ቢሮ ትሄጃለሽ። አይዲውን ስታወጪ ወዲያው ወደ ትራይኬር (የወታደር ቤተሰብ የጤና ኢንሹራንስ ነው) ሂጂ፣ ዲርስ ውስጥ ካልገባሽ ሕክምና የለም። ፕራይምና ሴሌክት የሚባሉ ሁለት ዓይነት አሉ፣ እንደኔ ለአዲስ ሰው ፕራይም ይሻላል፣ የራስሽ ሐኪም ይመደብልሻል ወጪውም ብዙ አያሳስብም።

ባንክ የጋራ አካውንት ውስጥ ስምሽ ይግባ። ይሄን ስትጠይቂ ገንዘቡን ፈልጋ ነው የሚል ዘመድ አይጠፋም፣ ግን ሰውዬው በረሃ ላይ ሆኖ ስልክ ባይሠራለት መብራቱን ማን ይክፈል? የደሞዝ ወረቀቱንም አሳይኝ በዪው፣ ቤተሰቡን ጥሎ ከ30 ቀን በላይ ሲቆይ የሚጨመር የመለያየት አበል አለ፣ እየገባ መሆኑን አረጋግጡ።

መኪና። ቤዙ ያለበት የኛ ከተማ ኪሊን ላይ መኪና ካልነዳሽ ቤትሽ እስር ቤት ነው፣ ያላጋነንኩት ይሄን ብቻ ነው። ቴክሳስ ነዋሪ ከሆንሽ በ90 ቀን ውስጥ የነሱን መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅብሻል፣ የጽሑፍ ፈተናውን እያጠናሽ ጎን ለጎን የመኪናው ኢንሹራንስ ላይ ስምሽ መኖሩን እዪ። ወረቀቶች ላይ ቤዙ አንዴ ፎርት ሁድ አንዴ ፎርት ካቫዞስ ሲባል ብታገኚ አትደናገሪ፣ 2023 ላይ ካቫዞስ ተብሎ 2025 ላይ ተመልሶ ሁድ ሆኗል፣ ቦታው ያው ነው።

ቤዝ ውስጥ ኮሚሰሪ የሚባል ሱፐርማርኬት አለ፣ ዋጋው ላይ 5 በመቶ ይጨመራል ያም ሆኖ ከውጪው ይረክሳል። ዕቃ ከረጢት ውስጥ ከተው መኪናሽ ድረስ የሚገፉልሽ ሰዎች ደሞዝ የላቸውም፣ የሚኖሩት በቲፕ ነው። ይሄን ሳላውቅ ስንት ጊዜ ተባረኩ ብዬ ብቻ እንደሄድኩ ሳስበው አሁንም አፍራለሁ።

አንድ ቁጥር ደግሞ ፍሪጅሽ ላይ ለጥፊ፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል 877-272-7337። አይበለውና ቤተሰብ ላይ ከባድ ሕመም ወይም ሞት ቢመጣ ለአለቆቹ ተረጋግጦ የሚደርሰው መልዕክት በነሱ በኩል ነው የሚሄደው፣ ዋትስአፕ ላይ ስለጻፍሽለት ብቻ ፈቃድ አይሰጡትም። ሙሉ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የልደት ቀኑንና የዩኒቱን (ያለበትን የጦር ክፍል) አድራሻ ጽፈሽ ከቁጥሩ ጎን አስቀምጪ።

አራተኛ፦ ወሬ መጠበቅ

የኛ ቤተሰብ ላይ ይሄ ከባድ ነው። አማቴ በየቀኑ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች፣ ስለት አለባት፣ ቀኑን ማወቅ ትፈልጋለች። እህቱ ደግሞ ዩኒፎርም የለበሰበትን ፎቶ ከነቀኑና ከነቦታው ፌስቡክ ላይ ለጥፋ በእግዜር ስም አጥፊው እስክላት ድረስ ከሁለት መቶ ሰው በላይ እንኳን ለዚህ አበቃው ብሎባት ነበር። የጉዞ ቀን፣ የዩኒት ስም፣ ያሉበት ቦታ አይለጠፍም፣ ለነሱ ደህንነት ነው። ለእናት ይሄን በስልክ ማስረዳት ይከብዳል፣ እኔ በመጨረሻ እማማ እሱ ራሱ አያውቀውም አልኳት። ውሸትም አይደለም፣ ቀኑ ሦስት ጊዜ ነው የተቀያየረው።

አምስተኛ፦ የራስሽን ኑሮ ጀምሪ

እሱ ሲመጣ ያሳየኛል ብለሽ ሁሉን ነገር እንዳታቆዪ። የአርሚ ዲፕሎይመንት ብዙውን ጊዜ 9 ወር ገደማ ነው፣ 9 ወር ሶፋ ላይ ተኝቶ ስልክ መጠበቅ ሰው ያሳምማል። አርሚ ኮሚዩኒቲ ሰርቪስ የሚባለው ቢሮ ሄደሽ የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ የሥራ ፍለጋ ምክር፣ ለጊዜው ድስትና ሰሃን የሚያውሱም ካለ ጠይቂ። ሚሊታሪ ዋንሶርስ የሚባለው የወታደር ቤተሰብ መርጃ ላይ ደግሞ አስተርጓሚም ምክርም በነጻ አለ። የዩኒቱ የቤተሰብ ቡድንም አለ፣ ኢሜይልሽን አስገቢ፣ ስለ መመለሻው ወሬ ቀድሞ የሚደርሰው በዛ ነው። እኔ መጀመሪያ ስብሰባቸው ላይ ስገባ ሁሉም ቀልድ ይቀልዳል እኔ ምኑም አይገባኝም፣ ሁለተኛው ላይ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ይዤ ሄድኩ፣ ከዛ በኋላ ስሜን የማይጠራ የለም።

ሐበሻ ከፈለግሽ ኦስቲን ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው፣ ዳላስ ደግሞ ይርቃል ግን እንጀራውም ቤተክርስቲያኑም በብዛት እዛ ነው። በወር አንዴ መሄድ ነፍስ ይዘራል። በየሳምንቱ ከሄድሽ ግን ኪሊንን መቼም አትለምጃትም።

ስድስተኛ፦ የሚመጣበት ቀን

በ3 ሰዓት ይገባሉ አሉኝ። እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ የኛው 3 ሰዓት ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ሞቆ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ ቡና አፍልቼ። ለካ የነሱ 3 ሰዓት ነው፣ ከሌሊቱ 9 ማለት ነው፣ ጎረቤቴ ባትደውልልኝ አዳራሹ ባዶ ሆኖ ነበር የምደርሰው፣ በነጠላ ጫማ ነው የሮጥኩት። ስለዚህ ሰዓቱን በነሱ አቆጣጠር ጽፈሽ ያዢ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደሚቀየርም ጠብቂ። መሣሪያ አስረክበው ተሰልፈው ንግግር ተደርጎ ነው የሚለቋቸው። ማታውኑ ድግስ አትደግሺ፣ ሻወርና እንቅልፍ ነው የሚፈልገው።

ሰባተኛ፦ ከመጣ በኋላ

እዚህ ጋ ነው ሰው የማይነግርሽ። ዘፈን ላይ ባል ሲመጣ ያልቃል፣ ኑሮ ላይ የሚጀምረው ያኔ ነው፣ በተለይ እንደኛ 41 ቀን ብቻ አብሮ ለኖረ። በደንብ የማታውቂው ሰው ነው ሻንጣ ይዞ የገባው፣ አንቺም እሱ የሚያውቃት የቦሌዋ ልጅ አይደለሽም፣ መኪና ትነጂያለሽ፣ ከባንክ ትከራከሪያለሽ። ባሌ በሦስተኛው ቀን ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ጨው የት ነው ሲለኝ አዘንኩለት፣ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኗል። ከዛ ማታ ደግሞ የከፈልኩትን ቢል መልሶ ሲያጣራው ተናደድኩ። ሁለቱም በአንድ ቀን።

እኛን የረዳን ሥራ ቶሎ አለመከፋፈላችን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቢሉን እኔው ከፈልኩ እሱ ጎኔ ተቀምጦ አየ፣ ከዛ ቀስ እያልን ተካፈልን። ዘመድ እንኳን ደህና መጣህ ሊል ሲጎርፍ ቅዳሜን ብቻ ፈቀድን፣ ባሌ ሰው ሲበዛ በሩ ወደሚታይበት ወንበር እየሄደ ሲቀመጥ አይቻለሁ፣ ለምን ብዬ ግን ሰው ፊት አልጠየቅኩትም። ከመጡ በኋላ ዩኒቱ ሲፈቅድ የሚሰጣቸው ረጅም ፈቃድ አለ፣ ብዙ ሰው ያንን ለአዲስ አበባ ጉዞ ያውለዋል፣ ደስ ይላል፣ እንደኔ ግን ግማሹን ቤታችሁ ቆዩበት፣ እዛ ከሄዳችሁ እሱ የእናቱ ነው አንቺ የእናትሽ ነሽ፣ መቼ ልትተዋወቁ ነው?

እንቅልፍ ካጣ፣ በትንሹ ከገነፈለ፣ መጠጥ ከበዛ ጸበል ብቻ ብለሽ አትቀመጪ፣ ጸበሉም ይሁን ሐኪሙም ይሁን። የቤተሰብ አማካሪዎች አሉ፣ ማስታወሻ አይዙም መዝገቡ ላይም አይገባም፣ የማዕረግ እድገቱን ለሚፈራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቻፕሊንም (የጦሩ የሃይማኖት አባት) አለ። ራሱን የመጉዳት ነገር ከሰማሽ 988 ደውለሽ 1 ተጫኚ፣ ሌሊትም ይሠራል። እጁን ካነሳብሽ ደግሞ ግሪን ካርዴን ያስቀርብኛል ብለሽ ዝም አትበዪ፣ ጥቃት ለደረሰባት ሚስት ያለ ባሏ ፊርማ የምታመለክትበት መንገድ ሕጉ ላይ አለ፣ ጠበቃ ጠይቂ።

የቀረው ወረቀት

ስትገቢ ጋብቻችሁ ሁለት ዓመት ካልሞላው ግሪን ካርድሽ የሁለት ዓመት ነው፣ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ የሁለት ዓመቱን ገደብ የሚያስነሳውን አይ-751 የሚባለውን ፎርም አብራችሁ ታስገባላችሁ። እዛ ላይ እውነተኛ ባልና ሚስት መሆናችሁን አሳዩ ይባላል፣ እናንተ ደግሞ አብራችሁ የኖራችሁት ትንሽ ነው። ስለዚህ የዲፕሎይመንት ትዕዛዙን ኮፒ፣ የጋራ ባንኩን ወረቀት፣ ሁለታችሁም ስም ያለበትን ኪራይ፣ የላከልሽን ፓኬጅ ደረሰኝ፣ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው ወር ጀምረሽ ሰብስቢ። እኔ የዓመቱን ሙሉ በአንድ ሌሊት ስክሪንሾት ላድርግ ብዬ ስልኬ ሞልቶ ቆመ፣ ግማሹ ደግሞ ደህና አደርሽ፣ በላሽ ወይ፣ ኔትወርክ የለም ነው።