የሴል ሽፋንና ግድግዳን በጨው መለየት

ልጆች የሴል ሽፋንና የሴል ግድግዳ ይምታታባቸዋል። አይፈረድባቸውም፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ መስመር ነው የሚመስሉት። ጨው ግን ይለያያቸዋል።

ደረቁ ልጣጭ ከተነሳ በኋላም ወይን ጠጅ ቀለሙ ደመቅ ብሎ የሚታይ ሽንኩርት ምረጡ። ከአንዱ ንብርብር የውጭ ፊት ላይ ስሷን ቆዳ ላጡ። የውስጠኛው ፊት ቀለም ስለሌለው አይሆንም። በአንድ ጠብታ ውሃ መስታወት ላይ አንጥፉ፣ በስስ መሸፈኛ መስታወት ክደኑና 100 ጊዜ አጉልታችሁ አሳዩአቸው። ማቅለሚያ አያስፈልግም።

ከዚያ በመሸፈኛው መስታወት አንድ ጠርዝ የጨው ውሃ ጠብ አድርጉ (ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል)፣ በሌላው ጠርዝ ሶፍት አስጠጉ። ሶፍቱ ውሃውን ይስበዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ወይን ጠጁ እየተኮማተረ ከግድግዳው ይላቀቃል። "እንዴ!" የሚሉት እዚህ ጋ ነው።

ነገሩ ኦስሞሲስ ነው፤ ማለትም ውሃ በሽፋን አልፎ ጨው ወደሚበዛበት ወገን መሄዱ። ቀለሙ ያለው ቫኪዩሉ (ሴሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ የያዘ ከረጢት) ውስጥ ነው፤ ውሃው ወደ ጨዋማው ወገን ሲወጣ ቫኪዩሉ ይሟሽሻል፣ ሽፋኑም አብሮት ይሰበሰባል። ግትሩ ግድግዳ ባለበት ይቀራል። ሳይቆይ በንጹህ ውሃ ከታጠበ መልሶ ይሞላል።

ኒውክሊየስ ለማሳየት ከሆነ ግን የውስጠኛውን ነጭ ቆዳ በአዮዲን ማቅለም ይሻላል። አዮዲን ሴሉን ስለሚገድለው ሁለቱን በአንድ ናሙና አትሞክሩ።